ሞተርህን ሽጥልኝ

ስለ አሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታወሰን አስፋልቱ ነው፤ ኢንዲያናፖሊስ፣ ዴይቶና፣ በቴሌቪዥን የምናየው ግርግር፡፡ አገሪቱ ግን ሌላ እሽቅድምድምም አላት፤ የአፈር፡፡ በበቆሎ ማሳ መሀል በእንቁላል ቅርጽ የተቆረጠ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት የተጠቀጠቀ ሸክላማ መሬት፣ በዳሩ የእንጨት መቀመጫ፣ በየጥጉ የመብራት ምሰሶ፤ ሜዳው ይኸው ነው፡፡ ዙሪያው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ማይል አይበልጥም፡፡ እንዲህ ያሉ ሜዳዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ፡፡ ዓርብና ቅዳሜ ማታ የሚሰለፉባቸው አብዛኞቹ ሰዎች በነጂነት የሚተዳደሩ አይደሉም፤ ገበሬ፣ በያጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የጋራዥ ሠራተኛ ናቸው፡፡ ያሸነፈው የነዳጁንና የጎማውን ወጪ ከመለሰ ደስ ብሎት ያድራል፡፡

ለመሆኑ የዚህ ሁሉ ደንብ አውጪ ማን ነው? እኛ በለመድነው መንገድ አንድ ፌዴሬሽን የምንፈልግ ከሆነ አናገኝም፡፡ አወዳዳሪ ማኅበሩ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ የደንብ መጽሐፍ፣ የራሱ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የራሱ መርማሪ አለው፡፡ የሜዳው ባለቤት ከወደደው ጋር ይዋዋላል፤ ካልፈለገም የራሱን ደንብ ጽፎ ያወዳድራል፡፡ ነገሩ ለእኛ ሰው የሚገባው በዕድር ነው፡፡ በአንድ ሰፈር ብዙ ዕድር ይኖራል፤ የአንዱ መዋጮ ትንሽ ቅጣቱ ብዙ፣ የሌላው መዋጮ ከባድ ድንኳኑ ሰፊ፡፡ አደጋ ሲደርስ ስንት ይሰጣል የሚለው ጥያቄ እንኳ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ አንዳንዶቹ ማኅበሮች ከአባልነት ክፍያው ጋር የአደጋ መድን ያያይዛሉና፡፡

እነዚህን የደንብ መጻሕፍት ባለፈው ሐምሌ ተቀምጬ እንዳነብ ያደረገኝ በሰሜን ቨርጂኒያ ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጄ ነው፡፡ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፡፡ ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ፣ የመኪናውን አጥንት ሻንሲ ይላል፡፡ እዚያው አሜሪካ የተወለደው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ በአፈር ሜዳ ካልነዳሁ ብሎ ቤቱን አስጨንቆታል፡፡ እናቲቱ ነገሩን መስማት አትፈልግም፡፡ አባትየው ግን (ይህን ለእሷ አልነገራትም) ከልጁ ይብስ ጓጉቷል፡፡ ሦስት የደንብ መጽሐፍ አሳትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «አንተ ጽሑፍ የተማርክ ነህ፤ አንብብልኝ» አለኝ፡፡ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን ከእኔ ትሻላለህ እኮ» ብለው፣ «እንግሊዝኛው መቼ ቸገረኝ፤ ተንኮሉ እንጂ» አለ፡፡

እንግዲህ ከላይ እንጀምር፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡) በ1978 ቴድ ጆንሰን የሚባል ሰው «ወርልድ ኦቭ አውትሎውስ» የተሰኘውን ተዘዋዋሪ ውድድር አቋቋመ፡፡ ስሙን በአማርኛ «የሽፍቶች ዓለም» ብንለው አንርቅም፤ በአንድ ማኅበር ሥር መታሰር ያልወደዱ፣ የተሻለ ሽልማት ወዳለበት ሜዳ መኪናቸውን ጎትተው የሚሄዱ ነጂዎች ነበሩና፡፡ መኪናቸው ስፕሪንት ካር ይባላል፡፡ ጣሪያው ላይ ሃያ አምስት ካሬ ጫማ የሚሆን ክንፍ የተሸከመ፣ ሞተሩ 410 ኪዩቢክ ኢንች፣ ጉልበቱ ወደ ዘጠኝ መቶ ፈረስ የሚጠጋ፣ ሚታኖል የሚጠጣ ጉድ ነው፡፡ ሞተሪኖ የለውም፡፡ ፍሪሲዮን የለውም፡፡ ከኋላ በሌላ መኪና ተገፍቶ ይነሣል፡፡ በ1939 በተከፈተው በፔንሲልቫኒያው ዊሊያምስ ግሮቭ ሜዳ አንድ ዓርብ ማታ ይህንን አብረን ስናይ ወዳጄ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ፡፡ ጭቃው እኛ እስከተቀመጥንበት ይፈናጠር ነበር፤ ሸሚዙን አላራገፈም፡፡

ዋጋውን ሲሰማ ግን ዝም አለ፡፡ የዚህ ሞተር ዋጋ ብቻውን ከሃምሳ ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት ሩጫ በኋላም ተፈትቶ መታደስ አለበት፡፡ ሽልማቱም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነው፤ ለአንድ ማታ አሸናፊ አሥር ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፈላል፡፡ የሚያስቀው ግን የሽፍቶቹ ነገር ነው፡፡ በ2023 ሁለት ታዋቂ ነጂዎች፣ ካይል ላርሰንና ብራድ ስዊት፣ «ሃይ ሊሚት» የተባለ ተፎካካሪ ውድድር ሲጀምሩ፣ አውትሎውስ ዓመቱን ሙሉ ለሚከተሉት ነጂዎች በሌላው ቤት የሚወዳደሩበትን ብዛት ገደበ፡፡ ሽፍታውም በተራው አጥር አጠረ ማለት ነው፡፡

ወዳጄን የማረከው ሌላው ማኅበር ነው፤ አይ ኤም ሲ ኤ፡፡ ይህ ማኅበር ከ1915 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ሲሆን ለብዙ ዘመን በየክፍለ ግዛቱ የእርሻ ትርኢት ላይ ያወዳድር ነበር፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተዳክሞ ሳለ የያዘው ኪት ናክ የሚባል የአዮዋ ሰው ነው፡፡ ሥራው የእሽቅድምድም ጋዜጣ ማሳተም ነበር (ለሙያችን አንድ ነጥብ ይያዝልን)፡፡ በ1979 «ሞዲፋይድ» የተባለውን የመኪና ዓይነት አስጀመረ፡፡ ሻንሲው ከተራ የቤት መኪና የሚወሰድ፣ ጎማው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቸርኬው የብረት፡፡ ዋናው ብልሃት ግን የሞተሩ ደንብ ነው፡፡ ውድድሩ እንዳለቀ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ደንቡ የሚፈቅድለት ሌላ ተወዳዳሪ መጥቶ ከፊት ለጨረሰው ሰው «ሞተርህን ሽጥልኝ» ማለት ይችላል፡፡ ዋጋው በድርድር አይደለም፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት መቶ ዶላር ነበር፤ በኋላ ከፍ ተደርጓል፡፡ አልሸጥም ያለ ሽልማቱንና ነጥቡን ያጣል፤ ለጊዜውም ይታገዳል፡፡

ይህን ደንብ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፡፡ መርማሪ ቢያቆሙ መርማሪው ይታለላል፤ የዋጋ ጣሪያ ቢያስቀምጡ ሐሰተኛ ደረሰኝ ይመጣል፡፡ እዚህ ግን ለሞተሩ የወጣውን ገንዘብ ማንም አይመረምርም፡፡ ሃያ ሺህ ዶላር በሞተሩ ላይ ያፈሰሰ ሰው ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም፡፡ ብቻ በዚያው ማታ ደንቡ ላይ በተጻፈው ዋጋ ሊያስረክበው ይችላል፡፡ እናቶቻችን ዳቦውን አንዱ ልጅ ይቁረስ፣ ሌላው ይምረጥ እንደሚሉት ነው፡፡

ወዳጄ ሲሰማ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ፡፡ «ቆይ» አለ፡፡ «እኔ ከቆሻሻ መጣያ ያነሣሁትን ሞተር ሁለት ወር ለፍቼ ባድሰው፣ ቴስታታውን በእጄ ባስተካክለው፣ ገንዘብ አላወጣሁም፤ ያወጣሁት እውቀት ነው፡፡ እሱንም በዚሁ ዋጋ ይወስዱብኛል?» ይወስዱብሃል አልኩት፡፡ ደንቡ በብርና በእጅ ሙያ መካከል ልዩነት አያደርግም፡፡ ለነገሩ የተወሰደበት ሰው ሌላ የሚሠራበት እጅ አለው፤ ባለ ገንዘቡ ግን ሌላ ሃያ ሺህ ማግኘት አለበት፡፡ በእኔ አስተያየት ደንቡ ሳይናገር የሚያደላው ለወዳጄ ዓይነት ሰው ነው፡፡ እሱ ግን በዚህ አልተጽናናም፡፡

ሦስተኛው መንገድ የታሸገው ሞተር ነው፡፡ ጀነራል ሞተርስ «602» እና «604» የሚባሉ ሞተሮችን በሣጥን አሽጎ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው 350፣ ሁለተኛው 400 የፈረስ ጉልበት አላቸው፡፡ በሣጥን ስለሚመጡ ክሬት ይባላሉ፡፡ 604 ወደ አሥር ሺህ ዶላር ግድም ያወጣል፤ በጥንቃቄ ከተያዘም ዓመት አልፎ ይሄዳል፡፡ ይህን የሚቀበሉ ማኅበሮች ደንብ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ አትንካ፡፡ ቴስታታው፣ የዘይት ቋቱ፣ የፊት መክደኛው ሁሉ ልዩ ብሎን አለው፤ ያ ብሎን ከተፈታ ይታወቃል፡፡ ኋላ ላይ ሐሰተኛ ብሎን የሚሠሩ ጠቢባን ስለተነሡ አንዳንዶቹ ማኅበሮች ቁጥር ያለው የሽቦ ማኅተም ጨመሩበት፡፡ ሞተሩ ሲደክም እንኳ ማኅበሩ ከፈቀደለት ባለሙያ በቀር ማንም ሊከፍተው አይችልም፡፡

ወጪው ይቀንሳል ወይ ለሚል መልሱ በሞተሩ በኩል አዎ ነው፡፡ በሌላ በኩል ግን ገንዘብ እንደ ውሃ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑበት በሌላው ይወጣል፡፡ ሞተሩ ሲታሸግ ባለጸጋው ወደ ሾኩ፣ ወደ ጎማው፣ ወደ ቀላል ብረቱ ዞረ፡፡ ጎማን በኬሚካል የሚያለሰልሱ ሞሉ፤ ማኅበሮቹም የጎማ ቁራጭ እየቆረጡ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ጀመሩ፡፡ የመመዝገቢያው፣ የቡድኑ አባላት በየማታው የሚከፍሉት የመግቢያ፣ ዙር የሚቆጥረው መሣሪያ ኪራይ፣ ተጎታቹ፣ ነዳጁ ሲደመር ወዳጄ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፡፡

ደንብ የሚያወጣው ዋጋ በዶላር ብቻ የሚለካ ሆኖ ባልቆየ ነበር ለማለት ግን አልችልም፤ የቀድሞዎቹ ማኅበሮች የሚጠይቁት ሌላ ነበር፡፡ እስከ 1955 ድረስ የአገሪቱን ትልልቅ ውድድሮች የሚመራው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ ለብዙ ዘመን ጥቁር ነጂ አያስመዘግብም ነበር፡፡ በ1910 ዝነኛው ባርኒ ኦልድፊልድ ከቦክሰኛው ከጃክ ጆንሰን ጋር ኒውዮርክ ውስጥ ቢሽቀዳደም፣ ማኅበሩ ነጩን ኦልድፊልድን አገደው፡፡ የተከለከሉት ሰዎች በ1924 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በኢንዲያና የእርሻ ትርኢት ሜዳ፣ አፈር ላይ፣ መቶ ማይል ተወዳደሩ፡፡ በዚያ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈው ቻርሊ ዊጊንስ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነው፡፡

ወዳጄን ይበልጥ የያዘው ግን የጎረቤቱ ታሪክ ነበር፤ የቨርጂኒያው ዌንደል ስኮት፡፡ እሱም መካኒክ፣ መኪናውን ራሱ የሚሠራ፣ ልጆቹ የሚያግዙት ሰው ነበር፡፡ በ1963 ታኅሣሥ 1 ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ጃክሰንቪል በሚገኝ የግማሽ ማይል የአፈር ሜዳ በናስካር ውድድር አሸነፈ፡፡ ባንዲራው ግን ለእሱ አልተውለበለበም፡፡ ዋንጫው ለሌላ ነጂ ተሰጠ፤ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ከሄደ ከሰዓታት በኋላ ዙሩ በትክክል አልተቆጠረም ተብሎ አሸናፊነቱ ጸደቀለት፡፡ ገንዘቡን አገኘ፡፡ ስኮት በ1990 ሞተ፤ ናስካር ዋንጫውን ለቤተሰቡ ያስረከበው በ2021 ነው፡፡ ይህን ሳነብለት ልጁም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፡፡ «ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ኪራይ ያልከው ስንት ነበር?» አለኝ አባትየው፡፡ ነገርኩት፡፡ «እሱንስ ይክፈሉት» አለ፡፡

ምርጫው በመጨረሻ የተወሰነው በደንብ ማማር አይደለም፤ በካርታ ነው፡፡ አይ ኤም ሲ ኤ የገነነው በአዮዋና በዙሪያው፣ ከዚያም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ነው፤ ከወዳጄ ጋራዥ እስከ አዮዋ ዘጠኝ መቶ ማይል ገደማ ይሆናል፡፡ አንድ ሠራተኛ ሰው ዓርብ ሥራ ውሎ፣ ቅዳሜ ተወዳድሮ፣ ሰኞ ጋራዥ ሊከፍት የሚችለው መኪናውን ጎትቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚደርስበት ሜዳ ላይ ብቻ ነው፡፡ በዚያ ርቀት ውስጥ ያገኘነው ሜዳ የሚያስተናግደው ርካሽ ክፍል የክሬቱን ነበር፡፡ ማኅበር እናወዳድራለን ብለን ሁለት ሳምንት ደከምን እንጂ፣ የአፈር ሜዳ ነጂ ዘወትር የሚመርጠው ለቤቱ የቀረበውን ነው፡፡

እናቲቱ በሦስት ነገር ተስማማች፤ ትምህርት እንዳይጓደል፣ የራስ ቁሩና የአንገት መከላከያው አዲስ እንዲገዛ፣ እሷ እንድታይ እንዳይለምኗት፡፡ ያገለገለ ሻንሲ ከነቸርኬው ተገዛ፡፡ ሞተሩ አንድ ማክሰኞ በሣጥን መጣ፡፡

አባትና ልጅ ሣጥኑን ፈትተው በሰንሰለት አንጠልጥለው አወጡት፡፡ ወዳጄ ከሠላሳ ዓመት በላይ የገባለትን ሞተር ሁሉ ሲከፍት የኖረ ሰው ነው፡፡ መነጽሩን አድርጎ አንድ ጊዜ ዞረው፤ በጣቱ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየነካ ሁለተኛ ዞረው፡፡ ልጁ የደንቡን መጽሐፍ ይዞ ከአጠገቡ ቆሟል፡፡

«ዘይቱን መቀየር ይፈቀዳል?» አለው፡፡

ልጁ ገጹን ገልጦ አየና፣ «ይፈቀዳል አባባ» አለ፡፡