ስንት ወለዱ ብሎ መጠየቅ

ሰው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ፥ አዋቂ ሆኖ ይመለስልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል እንጂ፥ በገዛ ቤቱ ተሰውሮ የኖረውን ነገር ይገልጥልኛል ብሎ አያስብም። እኛም እንደዚሁ ነበርን።

ልጃችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብ ትምህርት ለመማር በመረጠች ጊዜ፥ ሰው ለመቁጠር ምን ትምህርት ያስፈልጋል ብለን ቅር ብሎን ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የወላይታ ሕዝብ 1,501,112 ሆኖ መገኘቱን ሰምተን ነበርና፥ ሥራው በዚያው ያለቀ መስሎን ነበር።

ለዕረፍት ወደ ወላይታ ሶዶ በመጣች ጊዜ ግን፥ በጓሮው እንሰት አጠገብ ተቀምጠው ወደ ነበሩት እናታችን ቀርባ፥ «እማማ፥ ስንት ልጆች ወልደዋል?» ብላ ጠየቀች። እናታችንም «አምስት» አሉ። ልጅቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «በሕይወት የሌሉትስ?» አለች። እኛም አዛውንትን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ብለን ልንገሥጻት ስንል፥ እናታችን በእጃቸው ከለከሉን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ ጥርስ ሳያበቅሉ ሄዱብኝ» አሉ፤ ስማቸውንም ነገሩን። እኛ ልጆቻቸው እስከዚያች ቀን ድረስ የዚያን ወንድማችንንና የዚያችን እኅታችንን ስም ሰምተን አናውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ልጃችን እንዲህ ስትል አስረዳችን። የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር፥ እናቶች ስንት እንደ ወለዱና ከወለዷቸውም ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ተጠይቀው ከሚሰጡት መልስ፥ የሕፃናት ሞት መጠን ይገመታል። ይህንንም የስሌት መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ያስታወቀው ስኮትላንዳዊው ሊቅ ዊልያም ብራስ ነው። እናት የሞተባትን ልጅ ሳትናገር ብትቀር፥ ሞቱ ከእውነተኛው መጠን ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ክትባትና የጤና ጣቢያ የሚያስፈልገውም ስፍራ ሳይታወቅ ይቀራል።

ይህን በሰማን ጊዜ የቀድሞ ቅሬታችን ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ቁጥር የመጽሐፍ ቤት ነገር ብቻ ሳይሆን የእናታችንም የልብ ነገር ሆኖ አገኘነው።

በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የተወለደልንንም የሞተብንንም ሳንዘገይ እናስመዝግብ፤ ቆጣሪም ወደ ደጃችን ሲመጣ እውነቱን እንንገረው። እኛም ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ስንት ናቸው ተብለን ስንጠየቅ፥ ከዚያች ቀን ወዲህ መልሳችን አንድ ነው፤ ሰባት ተወልደን ነበር እንላለን።