የረጋ ናፍጣ

አገር ቤት ሳለሁ ስለ ናፍጣ የማውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ እንደሚወደድና እንደሚጠፋ። ይረጋል የሚል ሰው ቢገጥመኝ ኖሮ የቀለደብኝ ይመስለኝ ነበር። አሜሪካ መጥቼ የከባድ መኪና መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ግን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሐሳቤ ሁሉ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ውስጥ በተፈጥሮው ሰም አለ። ሙቀት ባለበት ሟሙቶ ስለሚኖር አናየውም። ብርዱ ሲጠና ግን፣ ያደረ የበግ ቅቅል ላይ ሞራው እንደሚረጋው፣ ሰሙ ነጭ ፍርፋሪ እየሆነ ይወጣል። ናፍጣው ይደፈርሳል፣ ፍርፋሪው ፍልትሮው ላይ ይለጠፋል፣ በመጨረሻም ሰልባቲዮው ሳይጎድል ሞተሩ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ በሰሜን ያሉ ማደያዎች በክረምት ቁጥር 2 በሚባለው ተራ ናፍጣ ላይ ቁጥር 1 የተባለውን ቀጭኑን ይቀላቅሉበታል። ቀጭኑ ዋጋው ይወደዳል፣ ጉልበቱም ያንሳል፤ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ አገር ናፍጣ ውስጥ ላምባ ጨመረ ተብሎ ሰው ይከሰሳል፤ እዚህ ሳይጨመር ሲቀር ነው ጉዱ የሚመጣው።

ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወር ያልሞላው የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለልኝ። (አማርኛ ተናጋሪ ሾፌሮች ሌሊቱን በስልክ ነው የምንገፋው፤ አንዱ ኦሃዮ፣ አንዱ ኔብራስካ ሆኖ የአገሩን ፖለቲካ ሲፈታ ያድራል።)

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጉልበት እምቢ አለኝ፤ ናፍጣ ግን ግማሽ ያሳያል።»

ዋዮሚንግ ውስጥ ነበር፣ ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ቻየንን አልፎ ወደ ላራሚ። የዚያ አውራ ጎዳና ከፍተኛው ቦታ እዚያ ነው፤ 2,600 ሜትር ገደማ። ከሁለት ቀን በፊት ተጠንቀቅ ስለው «የደብረ ብርሃንን ልጅ ስለ ብርድ ሊያስተምሩት ነው?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። በከፍታ እንኳ አገሩ ይበልጣል። ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ ከዜሮ ጥቂት ቢወርድ ነው፤ ያን ሌሊት እዚያ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነበር፣ ነፋሱ ሳይቆጠር።

«የት ነው የቀዳኸው?»

«ዳላስ።»

አለቀ። የዳላስ ናፍጣ የሚዘጋጀው ለዳላስ አየር ነው። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።

«እየደጋገምክ አታስነሳ» አልኩት። ሰው ሲደነግጥ ቁልፍ ያዞራል፤ በዚያ ብርድ የባትሪው ጉልበት ቀድሞውኑ ተሟጧል። ፍልትሮውን ፈቶ በአዲስ መቀየር፣ አዲሱን ሰም በሚያሟሟ መድኃኒት መሙላት፣ ያኔ ማስነሳት ነው። መከላከያው መድኃኒት ሌላ ነው፤ እሱ መርጋት ሳይጀምር ካልተጨመረ ፋይዳ የለውም። ልጁ ፍልትሮም መድኃኒትም አልያዘም።

ሞተር ከጠፋ የጋቢናው ማሞቂያም የለም። 911 ደወለ፣ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ መልሶ ደወለልኝ። እንቅልፍ እንዳይወስደው ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እግር ኳስ ጠየቅሁት። ንግግሩ መንተባተብ ሲጀምር ነው እኔ የፈራሁት። ፖሊስ ደርሶ መኪናው ውስጥ ሲያስገባው አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎ ነበር። በማግስቱ የጭነት መኪናው ተጎትቶ ሞቃት ጋራዥ ገባ፤ ሰሙ ሟሟ፣ ፍልትሮው ተቀየረ፣ ተነሳ። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም።

ሞተር ሳያጠፉ ማደር አይሻልም ወይ ትሉ ይሆናል። የድሮዎቹ ያንን ያደርጉ ነበር። ከ2007 ወዲህ የተሠሩት ግን የጭስ ማጣሪያ አላቸው፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጥላሸት ይሞላዋል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ፈሳሽ ተጨመረ፤ እሱም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል። ማሞቂያ ተሠርቶለታል፤ ማሞቂያውም ይበላሻል።

የልጁ ድርጅት የመጎተቻውንና የጋራዡን ሒሳብ «የሾፌር ቸልተኝነት» ብሎ ከክፍያው ቆረጠ። በማይል የሚከፈለው ሰው ነው፤ የቆመበት ቀን ራሱ ባዶ ነው። የት እንደሚቀዳ የሚያዘው ግን ድርጅቱ ነው፤ «ዳላስ ላይ ሙላ፣ እዚያ ይረክሳል» የሚለው መልእክት እስካሁን ስልኩ ላይ አለ። «እንዳታጠፋው» አልኩት። ደብዳቤውን እኔ ቤት ተቀምጠን አብረን ጻፍነው፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።