ባለበቅሎው ያረመው ዕቅድ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ

አስጎብኚ ድርጅት ሳልይዝ ስሜን ተራሮችን ለማቋረጥ ካሰብኩ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል። አንዱ የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ካርታ ነው፤ ልኬቱ 1፡100,000፣ አንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር። ሌላው በዓላቱ በቀይ የተጻፉበት ቀን መቁጠሪያ ነው። ይበልጥ ያለፋኝ ይኸኛው ነው።

ወሩን መምረጥ አያስቸግርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ነው፤ መሸሃ ወንዝም ሲሞላ አያሻግርም። ጥቅምት አገሩ ለምለም ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን በኮዳ የተቀመጠ ውሃ በረዶ ያደርጋል። ጥርን ያዝኩ። ጥርን የያዘ ሰው ጥምቀትን ማሰብ አለበት፦ በዚያ ሰሞን ጎንደር አልጋ አይገኝም፣ ደባርቅም ታቦት አጅቦ የሚወርደው ሰው በቅሎ ሊጭንልኝ አይመጣም። መነሻዬን ከቃና ዘገሊላ አሳለፍኩት። ወደ የካቲት ብገፋው ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ይችላል። ጾም ባይሆንም ረቡዕና ዓርብ አለ። አብረውኝ የሚሄዱት ሰዎች የማይበሉትን አይብና እንቁላል ተሸክሞ ተራራ መውጣት ትርጉም የለውም፤ ስንቁን ከነጭራሹ የጾም አደረግኩት፦ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሩዝ፣ ምስር ክክ፣ ቡና፣ ስኳር።

ምስሩ ላይ ግን አመነታሁ። 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ክኩ እስኪበስል ምድጃው የሚጨርሰው ነዳጅ ብዙ ነው። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ስለሆነ አስታ ሰብሮ መማገድ አይታሰብም። የጋዝ ሲሊንደር ደግሞ አውሮፕላን አያሳፍርም። ቡታጋዙንም ላምባውንም ጎንደር መግዛት ነው። ምስሩ ቀርቶ ሽሮው ተጨመረ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው መንገዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የሰሜኑ ጸጥታ ሲለዋወጥ ኖሯል። ከጎንደር ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰው የሚመላለስበት መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ ትኬት መቁረጥ ሞኝነት ነው። የምጠይቀው በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ነው። ሹፌሩ «ቆይ» ካለ ዕቅዱ ይታጠፋል፣ ክርክር የለውም።

ደባርቅ

«አዲስ አበባ የኖረ ሰው ከፍታ አይጎዳውም» ያለኝ ወዳጅ አለ። 2,350 ሜትር ላይ መኖር መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ከ3,500 በላይ የሚመጣውን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ግን አያስቀርም። የሐኪሞቹ ምክር ግልጽ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ። ቀን የፈለጉትን ያህል ቢወጡ ዋናው የሚያድሩበት ቦታ ነው። በዚህ በኩል ስሜን ደግ አገር ነው። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ ከግጭ ብዙም አይለይም፣ አምቢቆ ደግሞ መልሶ ወደ 3,200 ይወርዳል። ለዚህ ብዬ ግጭ ላይ አንድ ትርፍ ሌሊት ይዤ ነበር።

ፓርኩ ያለ ስካውት አያስገባም። የመግቢያውን ከፍዬ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስካውቱንና ባለበቅሎውን አገኘሁ። ስካውቱ ወጣት ነው፣ «ጋሼ» ይለኛል። ባለበቅሎው ሽበት የወረሰው ሰው ነው። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ባለበቅሎው እስከ መጨረሻው ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የበቅሎዎቹን ገብስ ማን ይሸከመዋል?»

እኔ የቆጠርኩት የሰው ጭነት ነበር። ቀጠለ፦ «ልጄ፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ናት። ዝክር አለብኝ። በዋዜማው ቤቴ መግባት አለብኝ።»

«አባቴ፣ እንግዲያው ራስ ደጀን ይቅር ማለት ነው?»

«ለምን ይቀራል? ከደባርቅ ተነስተህ የምትሄደው የአውራ መንገድ አቧራ ነው። እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሂድ፤ እኛ በሌሊት ተነስተን እንቀድምሃለን። የግጭን ሌሊት ግን አትንካው። ሰው የሚታመመው እሱን ሲነካ ነው።»

ከደባርቅ መሄድ ለእኔ የክብር ጉዳይ ነበር፣ ለእሱ ግን የአቧራ ጉዳይ ነው። ልክ እሱ ነው። የትኛው ቀን ቢቀነስ ሰው እንደሚጎዳና የትኛው ቢቀነስ ማንም እንደማይጎዳ ማወቅ በድርጅት የሚጓዝ ሰው ሳያውቀው የሚከፍልበት ዋና ነገር ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ጨምረን ተስማማን። አንደኛው ስንቁ በሦስት ሰው ልክ ይሁን የሚል ነው፤ ስካውት የራሱን ይዞ ይመጣል ቢባልም የሚይዘው በሶና ቆሎ ነው፣ አጠገቡ ሽሮ እያንተከተኩ መብላት ነውር ነው። ሁለተኛው አንዲት በቅሎ ያለ ጭነት ትከተለን የሚል ነው። ሰው ቢታመም የምታወርደው እሷ ናት፤ ስልኩም በየገደሉ ይጠፋል። ባለበቅሎው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ኪራዩ ስለጨመረ ይሁን ሐሳቡ ደስ ስላለው አላጣራሁም።

ሳንቃበር

ቅዝቃዜ። ጋቢ ድንኳን ውስጥ እኩያ የለውም፣ ለብሰውት መሄድ ግን አይመከርም፤ ከረጠበ አይደርቅም። የስልኩን ባትሪ አቅፌው አደርኩ።

ግጭ

በድሮ የጉዞ ማስታወሻዎች እዚህ መንደር ነበረ፤ ቡና ይፈላ፣ እንቁላል ይሸጥ፣ የደከመ በቅሎ ይለወጥ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ካቆየበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ጓሳው ተመልሷል፣ ጭላዳው በመቶ እየሆነ ይግጣል። ስካውቱ ከተዛወሩት ዘመዶች አሉት፣ ስለዚህ ነገር ሲናገር ቃል ይመርጣል። ለመንገደኛ የሚተርፈው አንድ ነገር ነው፦ ግጭ ላይ የጎደለ ነገር ጎድሎ ይቀራል። ጨው የረሳ ሰው ያለ ጨው ይበላል።

ትርፉን ቀን እሜት ጎጎ ወጣሁ፤ 3,926 ሜትር ነው፣ ከእግር ሥር ገደል ብቻ። ማታ ራስ ምታቱ ቀለል ብሎ ነበር።

ጨነቅ

ዋልያዎቹ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቁ ቋጥኙ ላይ ቆመዋል። ዛሬ ግን ሂሳብ አለብኝ። ከዚህ አምቢቆ በካርታው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ናይስሚዝ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ከ3,600 ወደ ቧሂት ማለፊያ 4,200፤ ከዚያ መሸሃ ድረስ 1,400 ሜትር ቁልቁል፤ ከወንዙ እንደገና 400 ሽቅብ። ስሌቱ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስካውቱን ስጠይቀው «ስምንት፣ ጉልበትዎ ደህና ከሆነ» አለ። የናይስሚዝ ስሌት ቁልቁለቱንም የአየሩን መሳሳትም አይቆጥርም፤ ጉልበትን የሚፈጀው ግን ያ ቁልቁለት ነው። ስምንቱን ጻፍኩ።

ከዚህ በኋላ መመለስም ከባድ ይሆናል። እስከ ጨነቅ መኪና ይመጣል፤ ከመሸሃ ማዶ የታመመ ሰው ግን መልሶ ቧሂትን መውጣት አለበት። ስለዚህ ውሳኔው ዛሬ ማታ ነው፦ የሚያስለው፣ ምግብ የዘጋው፣ ራሱን የሚያመው ሰው እዚህ ይቀራል። ሦስታችንም ራታችንን ጨረስን።

አምቢቆ

የመመለሻ ሰዓት ቆረጥን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የትም ብንደርስ መመለስ። ወደ ራስ ደጀን 1,300 ሜትር መውጣትና ያንኑ መውረድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይመጣል። ሰዓቱን ስካውቱ እንዲይዘው ሰጠሁት፤ ጫፉን ያየ ሰው በራሱ ሰዓት አይታመንም።

ከ5 ሰዓት በፊት ወጣን። ከ4,500 ሜትር በላይ ቆመው ሳሉ ጎረቤቱ ጫፍ የሚበልጥ ይመስላል፤ ስካውቱ ይህን ጥያቄ ስለሰለቸው ሳልጠይቀው መለሰልኝ።

ወደ ታች ስንመለስ ባለበቅሎው የሚቀጥለውን ዕቅድ አወጣልኝ፦ በጃናሞራ በኩል ደረስጌ ማርያም። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ በ1855 እ.ኤ.አ. ካሳ ውቤን ድል ነስተው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከጨነቅ ወደ ቀኝ ነው፣ ወደ መሸሃ መውረድ የለበትም፣ ገብስ በየመንደሩ ይገዛል አለ። ወሩን ስጠይቀው ጥቅምትን መረጠ፣ ቀኑን ግን ለመቁረጥ አልቸኮለም፤ መጀመሪያ ማኅበሩ የሚውልበትን ማየት አለበት።