ዓይን የማያሳብቀው በሽታ፦ ከበደሌ እስከ ጎሬ

በደሌ

ከጅማ በአጋሮ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው አውቶቡስ በደሌ ላይ ለምሳ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወደ መቱ ምን እንደሚያስኬደኝ ጠየቁኝ። ሰው ስለ ጉበት በሽታ የሚለውን ልሰማ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የወፍ በሽታን ነው?» አሉ ፈገግ ብለው። «እሱማ መድኃኒት አለው ልጄ። እኔንም በልጅነቴ ይዞኝ ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቅጠል ተወቅጦልኝ ጠጥቼ ዳንኩ።»

አዛውንቱ የነገሩኝ የደረሰባቸውን ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ሽንት ያጠቁራል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ቅጠሉ ባይጠጣም ይለቅ ነበር፤ ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስዳል። ቢና ሲ የሚባሉት ሌላ ናቸው። ሁለቱም በደም ይተላለፋሉ፤ ቢ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገራል። ምንም ሳያሳምሙ ዓመታት ይቀመጡና ጉበት በጠባሳ ከተሞላ ወይም ካንሰር ከያዘው በኋላ ይገለጣሉ። በየደረስኩበት የሰማሁት ወሬ የሚያጠነጥነው እዚሁ ላይ ነው፦ ሰው የሚፈራው ቢጫውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ዓይን ላይ የማይታየው ነው።

ያዮ

ከበደሌ ወዲያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ክልልነት የመዘገበው የያዮ ደን ይህ ነው፤ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል። ዝናቡ ግን ለእንግዳ አይራራም።

የዓለም የሄፓታይተስ ቀንም የሚውለው በዝናቡ ወራት፣ በጁላይ 28፣ በእኛ ሐምሌ 21 ነው። ቀኑ የአሜሪካዊው ሐኪም የባሩክ ብሉምበርግ ልደት ነው፤ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ በማግኘቱ በ1976 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። በብዙ አገር በዚያ ዕለት ሰልፍ ይወጣል፣ ነፃ ምርመራ ይደረጋል። እዚህ በኢሉባቦር ሐምሌ 21 ማለት ግን ጭቃው እግር የሚይዝበት፣ ገበያውም የሚቀዘቅዝበት የክረምት ወገብ ነው። እዚህ ሰው የሚገናኘው በቡና ለቀማ፣ በእድርና በገበያ ነው። ስለ በሽታው የሚሰጠው ትምህርትም ወደዚያው መሄድ አለበት።

መቱ

መቱ ላይ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተከትዬ ቡና ወደተፈላበት ቤት ገባሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ከጀበና የተሻለ መድረክ አላየሁለትም። ጨዋታው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይመላለሳል።

ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ሲኒ ግን ለብቻው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። እዚያው አብሮን የተቀመጠ የጎረቤት ጎልማሳ ድርሻ ነው። ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነገረው፤ የሚለገስ ደም ለኤች.አይ.ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ስለሚመረመር ነው። አንድ ቀን እንኳ አሞት አያውቅም።

ባለሙያዋ ምንም ሳትናገር ተነሥታ የተሸረፈውን ሲኒ አነሣች፤ አጥባ ረከቦቱ ላይ አኖረችው። «አዴ፣ የእኔን በዚህ ይቅዱልኝ» አለቻቸው ባለቤቲቱን። ሴትዮዋ ትንሽ ዘገዩ፣ ከዚያ ቀዱ። እሷም ጠጣች። «በሲኒ አይጋባም፤ በጉርሻም አይጋባም። በምላጭና በመርፌ ነው» አለች። ጎልማሳው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ጥናቶች ማጠቃለያ የሄፓታይተስ ቢን ስርጭት 7.4 በመቶ፣ የሲን 3.1 በመቶ አድርጎታል። ከአሥራ አራት ሰው አንዱ ገደማ ቢ አለበት ማለት ነው፤ አንድ የቡና ሰፈር ሲሰበሰብ አንዱ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የቢን ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ያገኛሉ። ነገር ግን በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ስድስት ሳምንት አይጠብቅም፤ በዚያ ዕድሜ ከተያዙት አሥር ሕፃናት ዘጠኙ በሽታውን ይዘው ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር በክትትል ጊዜ ከተመረመረች ሕፃኑን ለማዳን ጊዜ ይገኛል።

ጎሬ

ከመቱ ጥቂት ወጣ ሲሉ ጎሬ ናት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ የአገሪቱ መንግሥት የተቀመጠባት፣ የቡና ነጋዴዎች ወደ ጋምቤላ የሚወርዱባት ከተማ ነበረች። ዛሬም መንገዱ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። እዚያ በ2014 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፖች ሄፓታይተስ ኢ ተነሥቶ ነበር። እሱም የውኃ በሽታ ነው፤ ነፍሰ ጡሮችን ክፉኛ ይጎዳል።

ጎሬ ውስጥ ጸጉር ቤት ገባሁ። አስተካካዩ ማሽኑ ላይ አልኮል ረጭቶ በክብሪት አቀጣጠለው፤ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጢም ለመላጨት ሲደርስ ግን ከእኔ በፊት የነበረው ደንበኛ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣ። «የራሴን ነው የምይዘው» አለ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን ስለሚቆይ ይህ ሰው የዋዛ አይደለም። እንጥል ሲቆረጥ፣ ድድ ሲነቀስ፣ ልጅ ሲገረዝም ጥያቄው ይኸው ነው፦ ምላጩ የማን ነበር?

ለተያዘ ሰው ደግሞ መጀመሪያው ምርመራ ነው። ግብጽ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ዘመቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዜጎቿን ለሄፓታይተስ ሲ መርምራለች። ሲን የሚያድን እንክብል አለ፤ ቢ ያለበትና ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ቴኖፎቪር በሚባል መድኃኒት ይቆጣጠረዋል፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢ ሕሙማንን አክሟል። መድኃኒቱ ግን የሚጠቅመው ተመርምሮ ውጤቱን ላወቀ ሰው ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የመቱን ሰው የሚያስተምረው የመቱ የቡና ሰፈር ነው። አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የሄፓታይተስ ምርመራ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ካለች አስታውሷት። ጸጉር ቤት ስትገቡ አዲስ ምላጭ ይከፈት በሉ። የጎረቤታችሁን ሲኒም ከሌላው ጋር አንድ ላይ አኑሩት።