ግጥም የሚገጥም መሣሪያ

ግጥም በአገራችን የባለሙያ ሥራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፥ አልቃሿ በለቅሶ ቤት፥ ሚዜው በሠርግ ላይ ሲገጥም ኖሯል። በአዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው እንግዳው ነው፤ አዝማሪው የተሰጠውን ቃል ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፤ ቤት ያልመታለት እንደ ሆነም ተሰብሳቢው ሁሉ ወዲያውኑ ያውቅበታል። እንግዲህ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው አዲስ ጥበብ በግጥም ላይ ምን ያመጣ ይሆን እየተባለ በሚጠየቅበት በዚህ ዘመን፥ ብዙዎች የሚያስቡት ለታላላቆቹ ባለቅኔዎች ነው። እኔ ግን የምሠጋው ለነዚህ ስም ለሌላቸው ገጣሚዎች ነው። ከእነርሱም አንዱ ነኝና አድልዎ ቢታይብኝ አንባቢ አይፍረድብኝ።

ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ቢሆንም፥ በመሥሪያ ቤታችን ሰው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ የመሸኛው ግጥም ለብዙ ጊዜ በእኔ ላይ የወደቀ ሥራ ነበር። ባለፈው ዓመት የመዝገብ ቤቱ ሹም ጡረታ ሲወጡ ሦስት ሌሊት አስቤ የሚከተለውን ጻፍሁ፤

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያርፉ የሠሩ፣
ዛሬ ፊርማው ሲያልቅ ከእኛ ዘንድ ቀሩ።

«ቀሩ» የሚለው ቃል ኅብር አለው። ከሥራው ያልተገኘ ሰው በፊርማ መዝገቡ ላይ «ቀረ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሰሙ ይህ ነው። ሳይሄድ ከወዳጆቹ ጋር የሰነበተም ቀረ ይባላል፤ ወርቁም ይኸው ነው። ትልቅ ግጥም ነው አልልም፤ ነገር ግን እኒያን ሰውና ያን መዝገብ ለማያውቅ አይመጣለትም። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ወጣት ባልደረባችን ከስልኩ ላይ ሃያ መሥመር አነበበ፤ ቡናው ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ መሣሪያው ያዘጋጀለት ነው። ሻማ ነበረበት፥ ጽጌረዳ ነበረበት፥ የሕይወት ጉዞም ነበረበት፤ ለማንኛውም ጡረተኛ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ጭብጨባው ለእርሱ በለጠ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፥ ቀሩ ያልኸው መዝገቡ ላይ እንደምንጽፈው ነው ወይስ ሌላ አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ይህን የጠየቁ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ነገሩ በእኛ መሥሪያ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ፥ በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ፈተና አዘጋጁ። ከቾሰርና ከሼክስፒር ጀምሮ የአሥር እንግሊዝኛ ገጣሚዎችን ሥራ፥ መሣሪያው እነርሱን አስመስሎ ከጻፈው ጋር ቀላቅለው ለ1,634 ሰዎች አስነበቡ፤ ውጤቱንም በኅዳር 2017 ዓ.ም. አወጡ። የሰውን ከመሣሪያው ለይቶ በትክክል የተመለሰው መልስ ከመቶ 46.6 ብቻ ሆነ፤ ሳንቲም ወርውሮ መገመት ይሻል ነበር ማለት ነው። ይልቁንም ሌሎች አንባብያን ማን እንደ ጻፈው ሳይነገራቸው ሲመዝኑ የመሣሪያውን አበለጡ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲገልጹ፥ የመሣሪያው ግጥም ቀለል ያለና ቶሎ የሚገባ በመሆኑ ነው ይላሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ምክንያት ነው። ቶሎ መግባት በእኛ ዘንድ የግጥም ዋና ሞገስ ሆኖ አያውቅም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የሚማር የቅኔ ተማሪ፥ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ በየዕለቱ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢያመጣ ዋጋ የለውም። ሰሚውም ወርቁን ለማግኘት ይደክማል፤ ድካሙም ከሥራው ግማሽ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መሣሪያው በአማርኛ ገና እንደሚንገዳገድ የሞከረው ሁሉ ያውቃል። ከሁሉ ይልቅ የተማረው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ ከዚህም ሌላ ጽሑፍን የሚያነበው በጥቃቅኑ ከፋፍሎ ስለሆነ፥ አንዱ የግእዝ ፊደል እንኳ ለሁለትና ለሦስት የሚቈረስበት ጊዜ አለ። «ሩ» በ«ሩ» መመታት ለሚገባው ግጥም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሆኖም በዚህ የሚጽናና ሰው ብዙ አይቈይም፤ ጉድለቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተቃና ነውና። ለደብዳቤ ረቂቅማ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ደብዳቤ ወርቅ አይፈለግበትም። የሚያሠጋኝ መሣሪያው ስንኝ ማሳመሩ አይደለም፤ ሦስት ሌሊት ማሰብ የተወ ሰው፥ ሦስት ሌሊት የታሰበበትን ቃል የሚሰማበት ጆሮም እንዳያጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን ሁለት ሽኝት ተደርጓል፤ ግጥም እንድጽፍ የጠየቀኝ አልነበረም። ወጣቱን ባልደረባዬን ግን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠርቼ፥ «መዝገብ» በሚለው ቃል ኅብር ያላት አንዲት ጉባኤ ቃና የምታህል የአማርኛ ግጥም፥ ስልኩን ሳይነካ እንዲሞክርልኝ ለመንሁት። ሳቀና ሄደ። እስካሁን አላመጣልኝም፤ በዚህ ሳምንት ግን በኮሪደሩ ሲያልፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጣቶቹን አንድ ባንድ ሲያጥፍ አይቼዋለሁ።