ኤም አር አይ ስጠይቅ ስለ ቡና ተጠየቅሁ

ባለፈው መስከረም ሐኪሜ የደም ምርመራዬን ውጤት ሲያነቡልኝ እኔ የማየው ፊታቸውን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር። ቲ ኤስ ኤች 7.9 ይላል። በሰኔ 6.8 ነበር፤ በጥር ደግሞ 2.4። በሰኔ መድኃኒቱ ተጨምሮልኝ ነበር። ቁጥሩ መውረድ ሲገባው ወጣ።

«ኤም አር አይ መነሣት እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «እጢዬ ምን ያህል እንደተጎዳ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለማስተርስ ትምህርት ወደ ሙኒክ መጥቼ እዚያው ሥራ ይዤ ቀረሁ። በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም ሲበላሽ የመጀመሪያው ሥራ ውስጡን ከፍቶ ማየት ነው። በገዛ አንገቴ ላይ ግን ይህን ማድረግ አልቻልኩም፤ ያ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ እጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ጉልበት የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ግን ከታይሮይድ አይመጣም። ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ ትንሽ እጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ይበዛል። ልጅዋ አልሰማ ሲላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደጋግማ እንደምትጣራ እናት ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር እጢው እየሠራ አይደለም፣ ወይም የምንውጠው ሆርሞን አልበቃም ማለት ነው።

በሽታዬ ሀሺሞቶ ይባላል። መጀመሪያ ስሰማው የሞተር ብስክሌት ስም ነበር የመሰለኝ። ሀካሩ ሀሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ከአራት ሴቶች አንገት በቀዶ ሕክምና የወጣ የታይሮይድ ሥጋ በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያየውን በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። እጢው በነጭ የደም ሴሎች ተወርሮ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች በእንደዚህ ዓይነት ሕመምተኞች ደም ውስጥ የገዛ ታይሮይድን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አገኙ። ከበሽታ ሊጠብቀን የቆመው ዘበኛ የራሱን ቤት ይደበድባል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሕመሙ ሲታወቅ ለእናቴ በስልክ ማስረዳት ከበደኝ። ቃሉን በጀርመንኛ አውቀዋለሁ፤ በአማርኛ ግን ጠፋኝ። «እማዬ፣ አንገቴ ላይ ያለው እጢ ታሟል» አልኳት።

«እንቅርት ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ተቀይሮ።

እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ቃሉን ምናልባት በተረት ብቻ ታውቁት ይሆናል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል፤ በመከራ ላይ መከራ ሲጨመር ነው። እንቅርት ያበጠ ታይሮይድ ነው። ጎጃም የነበረችው አያቴ ነበራት፤ አንገትዋ ላይም ንቅሳት ነበራት። ልጅ ሆኜ ንቅሳቱ ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ ግን እብጠቱን ያጠፋል ተብሎ የተነቀሰ ነው። የአያቴን መንደር እንቅርት ያመጣው የአዮዲን እጥረት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በደንብ ያዘዘችውም ለዚህ ነው። የእኔ ግን ሌላ ነው። እናቴ ይህን ልትቀበለኝ አልፈለገችም። «ጨው ልላክልሽ» እያለች ሁለት ሳምንት ለመነችኝ። በሀሺሞቶ ላይ አዮዲን ማብዛት ሊያባብሰው እንደሚችል ስነግራት «ጨው ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል!» አለችና ተቆጣች።

ወደ መስከረሙ ቀን ልመለስ። ሐኪሜ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አልሳቁብኝም። ኤም አር አይ በጣም ጠንካራ ማግኔት እንደሆነና በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምስል እንደሚሠራ፣ ጨረር እንደሌለበትም ነገሩኝ። የታይሮይድ ቁጣና ጠባሳ ሊታይበት ይችላል። ውሃ በእጢው ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በመለካት ጉዳቱን ለመገመት የሚሞክሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ችግሩ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ይተነፍሳል፤ አንገት ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል።

«እኔ የማዝዘው» አሉ፣ «እንቅርቱ ከደረት አጥንት ጀርባ ወርዶ የአየር ቧንቧን ሲጫን ነው። ወይም ግሬቭስ የሚባለው ሌላው የታይሮይድ በሽታ ዓይንን ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ከዓይን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች መቆጣታቸውን ለማየት።» ለእኔ ዓይነቱ ግን አልትራሳውንድ ይበቃል። እሱንም በመጀመሪያው ዓመት ተነሥቻለሁ። ጤነኛ ታይሮይድ በአልትራሳውንድ ላይ አንድ ወጥ የሆነ ፈካ ያለ ግራጫ ነው። የእኔ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ቀዳዳ ቀዳዳ መስሎ፣ ብል የበላው ጋቢ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ኤም አር አዩ እጢዎ ግማሹ ተጎድቷል ቢለን ምን እናደርጋለን? ሩቡ ቢለንስ?»

አሰብኩ። የተጎዳውን እጢ መልሶ የሚያድን መድኃኒት የለም። ግማሽም ሆነ ሩብ፣ የምውጠው ያንኑ ሆርሞን ነው፤ መጠኑ የሚወሰነውም በደም ምርመራው ቁጥር ነው። መልሱ ሥራውን የማይቀይር ጥያቄ ነበር የያዝኩት። በሥራ ቦታ ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው እኔው ነበርኩ የምናገረው።

«ታዲያ ለምን ይፈልጉታል?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ ወስነን ነበር። እርግዝና ሲመጣ ሰውነት የበለጠ ሆርሞን ይፈልጋል፤ ቁጥሩም አስቀድሞ ከ2.5 በታች ቢሆን እንደሚመረጥ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ወደ 8 እየተጠጋሁ ነው። ምስሉን የፈለግሁት ስንት እንደቀረኝ ለማወቅ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም ጭምር።

ሐኪሜ ትንሽ ዝም አሉና «ከጥር ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ የእኔ ጥያቄ ነው! ሲስተም በተበላሸ ቁጥር ለሥራ ባልደረቦቼ የማነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ራሴን ግን ጠይቄ አላውቅም። በየካቲት ባለቤቴ ከአዲስ አበባ መጣ። ጀበናም ይዞ መጣ። በፊት ጠዋት ኪኒኑን በውሃ ውጬ ወደ ቢሮ እሮጥ ነበር፤ ቡና የማገኘው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ ግን ከእኔ ቀድሞ ይነሣና ቡና ያፈላል። እኔም ኪኒኔን ከመጀመሪያው ስኒ ጋር እውጥ ነበር። ከቡናው ጋር!

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው፤ ከዚያም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም አይነካም። ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። የብረትና የካልሺየም ኪኒኖችም እንዲሁ፤ እነሱ እንዲያውም አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ መዋጥ እንዳለበት በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሰው ሁሉ መመሪያ አያነብም ብዬ ስማረር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እንግዲህ ጥፋተኛው የኔ ቡና ነዋ» አለና ፊቱ ጠቆረ። ጠዋት ጠዋት አብረን የምንቀመጥባትን ያችን ሰዓት ሊተዋት ነበር። እኔ አልፈቀድኩም። ሐኪሜን ደውዬ ጠየቅሁና ቡናው ባለበት ቀርቶ ኪኒኑ ቦታ ቀየረ፤ አሁን ማታ ከመኝታ በፊት፣ ከእራት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆይቼ እውጠዋለሁ። በሰኔ የተጨመረልኝንም መልሰው ቀነሱት፤ መድኃኒቱ በደንብ መግባት ከጀመረ ያው መጠን ይበዛብኛልና።

ቁጥሩ እስኪረጋ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እነዚያ ስድስት ሳምንታት ረዘሙብኝ። በኅዳር ውጤቱ መጣ፤ 2.2።

በማግስቱ ቅዳሜ እናቴ በቪዲዮ ደወለች።

«ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

«አሁን ማታ ነው የምውጠው፣ እማዬ።»

«ቡናውስ?»

«ቶና ላይ ደርሰናል።»

«እስቲ ስልኩን ወደ ረከቦቱ አዙሪልኝ» አለች። አዞርኩላት።