አዲስ ገብን ማዋረድ ልማድ ሊባል አይገባም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድሜ ልጅ ወደ ኮሌጅ ገብቶ ለበዓል ወደ መካነ ሰላም በተመለሰ ጊዜ፥ እንደ ቀድሞው አይስቅም፤ ከሰው ጋራ አይጫወትም፤ ስልኩ በጠራ ቍጥር ይደነግጣል። እናቱ ትምህርቱ ቢከብደው ነው አለች። እኔ ግን ፊቱን አይቼ የራሴን ልጅነት አስታወስሁ።

እኔም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቤ፥ በቦረና ደጋ ከአንድ ጉባኤ ቤት ገብቼ ነበር። ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የአዲስ ገብ ሁሉ ሥራ ነውና አያስከፋም። ነባሮቹ ግን የለመንሁትን ቍራሽ ይወስዱብኝ፥ በውርጭ ሌሊትም ከጎጆ ውጭ ያቆሙኝ ነበር። የሚናገር ፈሪ ይባላልና ለየኔታ አልተናገርሁም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይህ ነው፤ እኔም ነባር በሆንሁ ጊዜ አንድ ታናሽ ልጅ እንደዚያው በውርጭ አቆምሁ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህንኑ ለወንድሜ ልጅ ለብቻው ነገርሁት። እርሱም አልቅሶ ገለጠልኝ፤ ወደ ማኅበራቸው ሊገባ ቢወድ ነባሮቹ ገንዘቡን ወስደው፥ ሌሊት አስነሥተው አንበርክከው፥ ፎቶግራፍ አንሥተው፥ ብትናገር ለሰው ሁሉ እናሳያለን ብለውታል። «ባመለክት ፈሪ እባላለሁ» አለኝ። «ፈሪስ እኔ ነበርሁ» አልሁት።

ሥራ ማዘዝና ማዋረድ የሚለዩበት ምልክት አላቸው። ሥራ በግልጥ ይታዘዛል፤ ውርደት ግን በስውር ይፈጸማል፥ ምስጢር ጠብቅ ተብሎም ይማልበታል። ልጁ ራሱ ፈቅዷል የሚለውም ምክንያት አይሆንም፤ ብቻውን በብዙዎች መካከል የቆመ ልጅ እንዴት እንቢ ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጽ ሰውን ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ ይጠብቀዋል። በአሜሪካም ኮሌጆች እንዲህ ያለውን በደል ቈጥረው ለሕዝብ እንዲገልጡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሕግ ወጥቷል።

እኛም የሆነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነቦታው፥ ያዩትንም ሰዎች ስም ጨምረን ጻፍን፤ የዛቻውን መልእክት ሳናጠፋ አቈየን፤ ለተማሪዎች ዲንም በጽሑፍ አመልክተን አንዱን ግልባጭ በእጃችን አስቀረን። አካሉ ተጐድቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ መሄድ ይገባን ነበር። ልጁ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ለበዓል ሲመጣ «ምን አደረጉህ?» ብቻ አትበሉት፤ «አንተስ በታናሽህ ላይ ምን አደረግህ?» ብላችሁም ጠይቁት። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።